አንዴ ተጠርቶ ሦስት ጊዜ የሮጠ ፓይፕላይን፦ ከሌላ አፕሊኬሽን በዌብ ሰርቪስ ስለማስነሳት

መረጃ_ቀጂ (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ቀን የታገልኩትን ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የሒሳብ ክፍሉ የሚሠራበት አፕሊኬሽን አለ። ወር ሲያልቅ «ወሩን ዝጋ» የሚል በተን ይጫናሉ። አፕሊኬሽኑ ያኔ የእኛን ዌብ ሰርቪስ (ሌላ ፕሮግራም በኔትወርክ የሚጠራንን በር) ይጠራል። የእኛ ፓይፕላይን የወሩን ግብይት ከሦስት ቦታ ይሰበስባል፣ ያጸዳል፣ ወደ ዳታ ዌርሃውሱ (ለሪፖርት ወደተዘጋጀው የዳታ ማከማቻ) ያስገባል። ከዚያ ሪፖርቱ ይወጣል። ጠቅላላ ሥራው 11 ደቂቃ ያህል ይፈጃል።

ዌብ ሰርቪሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የፖስት ጥሪ ይቀበላል፣ ፓይፕላይኑን ያስነሳል፣ እስኪያልቅ ይጠብቃል፣ ሲያልቅ 200 (ተሳክቷል) ይመልሳል። በሙከራ ጊዜ ዳታው ትንሽ ስለነበር በ20 ሴኮንድ ያልቅ ነበር። ምንም ችግር አልታየኝም።

ባለፈው የወር መዝጊያ ግን የወሩ ድምር ልክ ሦስት እጥፍ ሆኖ ወጣ። የሒሳብ ባልደረባዬ ደውላ «ይኼ ቁጥር አላማረኝም» ስትለኝ ላብ አጠመቀኝ። ሎጉን ሳየው ፓይፕላይኑ በአንድ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሦስት ጊዜ ተነስቷል። እሷ በተኑን የጫነችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በአፕሊኬሽኑ በኩል ያለው ሎግ ደግሞ ሦስቱንም ጊዜ «504፣ አልተሳካም» ይላል።

ለጊዜው መሃል ላይ ሆኖ ጥሪውን ወደ ሰርቪሴ የሚያሳልፈውን የኢንጂንኤክስ ታይምአውት (መልስ የሚጠብቅበትን ጊዜ) ወደ 15 ደቂቃ ከፍ አድርጌዋለሁ። ልቤ ግን አላረፈም። እናንተ እንዴት ነው የምትሠሩት?

ሎግ_አንባቢ

እህቴ፣ ልብሽ አለማረፉ ልክ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ኢንጂንኤክስ ካልቀየርሽው በቀር ከኋላው ካለው ሰርቨር መልስ የሚጠብቀው 60 ሴኮንድ ነው። በዚያ ጊዜ ምንም ካልመጣ ለጠሪው 504 ይሰጠዋል። 504 ማለት «መልስ በጊዜው አልደረሰኝም» ማለት ነው። «ሥራው አልተሠራም» ማለት አይደለም። ፓይፕላይንሽ ከኋላ ሆኖ ሥራውን ቀጥሏል። አፕሊኬሽኑ ግን የወደቀ መስሎት ደግሞ ጠራ። የደቂቃው ልዩነት የመጣው ከዚያው ከ60 ሴኮንዱ ነው።

ታይምአውት ማስረዘም አያዛልቅም። መሃል ላይ ያለው ኢንጂንኤክስ ብቻ አይደለም። ሎድ ባላንሰር ይኖራል፣ ፋየርዎል ይኖራል፣ ጠሪው የሚጠቀምበት ላይብረሪም የራሱ ታይምአውት አለው። አንዱን ስታስረዝሚ ሌላው ይቆርጥብሻል። ዳታው ሲያድግ 11 ደቂቃው 20 ይሆናል። በመሃል ሰርቨሩ ሪስታርት ቢደረግስ?

ጥሪውንና ሥራውን ለያያቸው። ጥሪው ሲመጣ ሰርቪስሽ ሦስት ነገር ብቻ ያድርግ። ጥያቄው የተሟላ መሆኑን ይይ፣ በቴብል ላይ ይመዝግበው፣ ቁጥር ይስጥ። ይኼ ከአንድ ሴኮንድ በታች ያልቃል። የሚመልሰው ኮድ 202 ይሁን። ኤችቲቲፒ ይኼን ኮድ ያስቀመጠው ለዚሁ ነው፤ «ጥያቄህን ተቀብያለሁ፣ ሥራው ግን ገና አላለቀም» ማለት ነው። አብሮት ሎኬሽን በሚለው ሄደር (ከመልሱ ጋር በሚሄድ የመግለጫ መስመር) የሥራውን ሁኔታ የሚጠይቅበትን አድራሻ ስጪው። ሪትራይ አፍተር በሚለው ደግሞ ከስንት ሴኮንድ በኋላ ተመልሶ እንዲጠይቅ ንገሪው።

ታዋቂዎቹ መሣሪያዎችም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። የአዙር ዳታ ፋክተሪን ፓይፕላይን በኤፒአይ ስታስነሺ የሚመልስልሽ የሩጫውን መለያ ነው፣ ውጤቱን አይደለም። ሌላው የፓይፕላይን ማስነሻ መሣሪያ፣ ኤርፍሎውም፣ ከስሪት 2.0 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2020 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ፣ በተረጋጋው ኤፒአዩ በኩል ዳግ (በኤርፍሎው አጠራር ፓይፕላይን) ሲነሳ ወዲያው የሩጫውን መለያ ይሰጥሽና ይለቅሻል።

ገና_ጀማሪ

ይቅርታ፣ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። 202ቱ ራሱ መንገድ ላይ ቢጠፋስ? ሰርቪሱ መዝግቧል፣ ቁጥር ሰጥቷል፣ ኔትወርኩ ግን ተቋርጦ መልሱ ለጠሪው አልደረሰውም እንበል። ጠሪው መልሶ ይጠራል። ያው ሁለት ሩጫ አይሆንም?

ሎግ_አንባቢ

ይሆናል! በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። 202 የሚያደርገው አደጋው የሚፈጠርበትን ጊዜ ከ11 ደቂቃ ወደ ሴኮንድ ማሳጠር ነው። አያጠፋውም። መልስ ያላገኘ ጠሪ ጥሪው መድረስ አለመድረሱን የሚያውቅበት ምንም መንገድ የለውም። ሁለት ምርጫ ነው ያለው፦ ዝም ማለት ወይም መድገም። ዝም ካለ ሥራው ሊቀር ይችላል። ከደገመ ሥራው ሊደገም ይችላል።

ስለዚህ መድገሙ ጉዳት እንዳይኖረው ማድረግ አለብን። ይኼ የሚሆነው በቁልፍ ነው። ጠሪው ከመጀመሪያው ጥሪ በፊት አንድ ቁልፍ ያዘጋጃል። በእያንዳንዱ ሙከራ ያንኑ ቁልፍ ይልካል። ተቀባዩ ቁልፉን አይቶት የሚያውቅ ከሆነ አዲስ ሩጫ አያስነሳም፤ የቀድሞውን ቁጥር መልሶ ይሰጣል።

ዳታብሪክስ ላይ ጆብ ስታስነሳ አይደምፖተንሲ ቶክን የሚባል መስክ አለ፤ እስከ 64 ፊደል ይይዛል። በዚያው ቶክን ደግመህ ብትጠራ ያለውን የሩጫ መለያ ነው የሚመልስልህ። ኤርፍሎው ላይ የሩጫውን መለያ ራስህ መስጠት ትችላለህ። ደግመህ ከላክኸው 409 ይልሃል፤ «ይኼ አለ» ማለት ነው። መለያ ካልሰጠኸው ግን ከሰዓቱ ተነስቶ ራሱ ይፈጥራል። ያኔ እያንዳንዱ ድጋሚ ጥሪ አዲስ ሩጫ ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

መረጃ_ቀጂ

ይኼ ገብቶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቁልፉን ግን ከምን እንሥራው? የአፕሊኬሽኑ ልጆች «ዩዩአይዲ (የማይደገም መለያ) እናመነጫለን» አሉኝ። እኔ ደግሞ የወሩን ስም ቁልፍ ማድረግ አስቤ ነበር፤ «መዝጊያ 2024-11» ዓይነት።

ሎግ_አንባቢ

ዩዩአይዲ ችግር የለውም፤ የት እንደሚመነጭ ግን ተጠንቀቂ። የአንድ ቡድን ኮድ አይቼ አውቃለሁ። ዩዩአይዲውን የሚያመነጩት ሪትራይ በሚያደርገው (ጥሪውን በሚደጋግመው) ሉፕ ውስጥ ነበር። እያንዳንዱ ሙከራ የራሱ አዲስ ቁልፍ ነበረው። ቁልፉ ነበረ፣ ጥበቃው ግን አልነበረም። ለአንድ ዓመት ያህል ማንም ልብ አላለውም።

የወሩ ስምም ብቻውን አይበቃም። ወሩ ተዘግቶ ስህተት ቢገኝ፣ ተከፍቶ ታርሞ እንደገና ቢዘጋስ? ሁለተኛው መዝጊያ እውነተኛ አዲስ ሥራ ነው። አንቺ ግን በወሩ ስም «ይኼን አውቀዋለሁ» ብለሽ ትመልሽዋለሽ። ሪፖርቱ በአሮጌው ቁጥር ይቀራል።

ከተፈጠረው ጉዳይ ራሱ ውሰጂው። አፕሊኬሽኑ ወር ሲዘጋ በራሱ ዳታቤዝ ውስጥ አንድ የመዝጊያ ረድፍ ይጽፋል አይደል? የዚያ ረድፍ መለያ ቁልፍ ይሁን። ሁለተኛ ሲዘጋ ሁለተኛ ረድፍ ይፈጠራል፣ ሁለተኛ ቁልፍም አብሮ ይመጣል።

በአንቺ በኩል ደግሞ «ቁልፉ አለ ወይ» ብሎ መጠየቅና ከዚያ መጻፍ አያስተማምንም። ሁለት ጥሪ በአንድ ቅጽበት ቢመጣ ሁለቱም «የለም» የሚል መልስ ያገኛሉ። የቁልፉን ዓምድ ዳታቤዙ ላይ ዩኒክ (አንድ ቁልፍ ሁለቴ የማይጻፍበት) አድርጊው። መጀመሪያ ለመጻፍ ሞክሪ፤ ዳታቤዙ እምቢ ካለሽ ያለውን አንብበሽ መልሽ።

ጥንታዊው_ክሮን

ልጆች፣ ጥሩ ነው የምታወሩት። እኔ በዚህ ሥራ ላይ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ሶፕ (የድሮው የዌብ ሰርቪስ ስልት) በነበረበት ዘመን የዳታ ማስተላለፊያውን ኢንፎርማቲካን በዌብ ሰርቪስ ሃቡ በኩል እናስነሳ ነበር። የኦራክል ዳታ ኢንቴግሬተርም ሲናርዮ (ለመሮጥ የተዘጋጀ ሥራ) የሚያስነሳ ዌብ ሰርቪስ ነበረው። ጥሪው ውስጥ ጠብቅ ወይም አትጠብቅ የሚል ምርጫ ነበር። እኛም እንደ ልጃችን ጠብቅ የሚለውን መርጠን ታይምአውት ሲያንገላታን ኖረናል። ነገሩ አዲስ አይደለም።

አንድ ያላነሳችሁት ቀዳዳ አለ። አፕሊኬሽኑ ወሩን በራሱ ዳታቤዝ ዘጋ፣ ኮሚት አደረገ (ለውጡን አጸና)። ከዚያ ዌብ ሰርቪሱን ሊጠራ ሲል ወደቀ። ምን ይሆናል? ወሩ ተዘግቷል፣ ፓይፕላይኑ ግን ጨርሶ አልተጠራም። ደግሞ የሚጠራም የለም፤ ሪትራይ የሚያደርገው ፕሮሰስ ራሱ ሞቷልና። ቅደም ተከተሉን ብትገለብጡት፣ ጠርቶ ከዚያ ኮሚቱ ቢወድቅ፣ ያልተዘጋ ወር ሪፖርት ይወጣለታል።

እኔ የምለው ዌብ ሰርቪሱ ይቅር። አፕሊኬሽኑ ወሩን በሚዘጋበት በዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ «ይኼ ይሠራ» የሚል ረድፍ በአንድ ቴብል ላይ ይጻፍ። ወይ ሁለቱም ይጻፋሉ ወይ ሁለቱም ይቀራሉ። ፓይፕላይኑ በየደቂቃው ቴብሉን ያያል።

ኪው_ወዳድ

ጋሼ፣ ስለ ቀዳዳው ያሉት ልክ ነው። ዌብ ሰርቪሱ ይቅር በሚለው ግን አልስማማም።

ፓይፕላይኑ የአፕሊኬሽኑን ቴብል በቀጥታ ካነበበ የሁለቱ ዕድል ተቆራኘ ማለት ነው። የአፕሊኬሽኑ ልጆች አንድ ዓምድ ስሙን ቢቀይሩ በወር መዝጊያ ሌሊት ፓይፕላይኑ ይወድቃል። እነሱም ማን እንደሚያነበው ላያውቁ ይችላሉ። ዌብ ሰርቪስ ውል ነው። ምን እንደሚላክ፣ ምን እንደሚመለስ ተጽፎ ይታወቃል። በዚያ ላይ ነገ ሌላ አፕሊኬሽን ይኼንኑ ፓይፕላይን ላስነሳ ቢል የእሱንም ቴብል ልናነብ ነው?

ጥንታዊው_ክሮን

ስለ ዓምዱ ያልከው አሳምኖኛል፤ ደርሶብኛልም። እንግዲያው ሁለቱን እናስታርቃቸው። ረድፉ በአፕሊኬሽኑ ዳታቤዝ ይጻፍ። ረድፉን የሚያነበው የአፕሊኬሽኑ የራሱ ትንሽ ላኪ ይሁን። ላኪው ያልተላኩትን እያየ ዌብ ሰርቪሱን ይጥራ፤ 202 ሲያገኝ «ተልኳል» ብሎ ምልክት ያድርግ። ከወደቀም ሲነሳ ካቆመበት ይቀጥላል። ውሉም አልተነካ፣ ቀዳዳውም ተደፈነ። የረድፉ መለያ ደግሞ ያው ሎግ_አንባቢ ያለው ቁልፍ ይሆናል።

ላኪው ሲደግም ግን በተከታታይ አይደብድብ። ሁለት ሴኮንድ፣ አራት፣ ስምንት እያለ ያራርቀው፤ ትንሽ የዘፈቀደ ልዩነትም ይጨምርበት። አለበለዚያ ሰርቪሱ ከወደቀበት ሲነሳ ጠሪው ሁሉ እኩል ይረባረብበትና መልሶ ይጥለዋል።

ቁልፍ_ያዥ

እኔ የማነሳው ሌላ ነው። መረጃ_ቀጂ፣ አፕሊኬሽኑ ወደ አንቺ የሚገባው በምንድን ነው? በብዙ ቦታ የማየው የኦርኬስትሬተሩን (እንደ ኤርፍሎው ያለውን የፓይፕላይን አስነሺ) የአስተዳዳሪ ፓስወርድ ወይም ቶክን ለጠሪው አፕሊኬሽን ሲሰጡት ነው። ወሩን ለመዝጋት ብቻ የተሰጠው የመግቢያ ቶክን ማንኛውንም ፓይፕላይን ማስነሳት፣ ማቆም፣ ኮኔክሽኖችን ማየት ይችላል። ያ አፕሊኬሽን አንድ ቀን ቢሰበር ሰባሪው ዌርሃውሱን ሁሉ አገኘ ማለት ነው። ከዚያ የባሰም አለ። ሌላው የፓይፕላይን መሣሪያ፣ የፔንታሆ ካርቴ ሰርቨር፣ ሲጫን ዩዘሩም ፓስወርዱም «ክላስተር» የሚል ቃል ነው። ሳይቀይሩት ለኔትወርኩ ክፍት የሚተዉት አሉ።

ኦርኬስትሬተሩ በቀጥታ አይጠራ። ከፊቱ ያንቺ ትንሽ ሰርቪስ ይቁም። ለእያንዳንዱ ጠሪ የራሱ ቶክን ይኑር፣ ቶክኑም የተፈቀዱለትን ፓይፕላይኖች ብቻ ያስነሳ።

ጠሪው የሚልከውን ፓራሜትር ደግሞ አትመኚው። «ወር» የሚለው መስክ ዓመትና ወር መሆኑን አረጋግጪ፤ ሌላ ከሆነ 400 (ጥያቄው ልክ አይደለም) መልሺ። ይኼን የምለው ፓራሜትሩ መጨረሻ ላይ የት እንደሚያርፍ ስለማውቅ ነው። ወይ ኤስኪውኤል (የዳታቤዝ ትእዛዝ) ውስጥ ይለጠፋል፣ ወይ ኤርፍሎው ላይ በባሽ (የሰርቨሩ) ትእዛዝ ውስጥ ይገባል። አንድ ክፉ ሰው ከወሩ ስም ኋላ ትእዛዝ ቢያስከትልበት ያ ትእዛዝ በአንቺ ሰርቨር ላይ፣ በአንቺ መብት ይሠራል።

መረጃ_ቀጂ

ቁልፍ_ያዥ፣ እውነቱን ልናገር፤ የሰጠኋቸው የአስተዳዳሪውን ቶክን ነበር። ዛሬውኑ እቀይረዋለሁ። ፓራሜትሩም ምንም አይፈተሽም። በጣም አመሰግናለሁ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ሥራው ሲያልቅ አፕሊኬሽኑ እንዴት ይወቅ? እየመጣ ይጠይቅ ወይስ እኔ ልጥራው?

ኪው_ወዳድ

ሁለቱንም አድርጊ፤ እውነቱ ግን ከአንዱ ብቻ ይወሰድ።

መልሰሽ ስትጠሪው ዌብሁክ ነው። ፈጣን ነው፣ ግን ሊጠፋ ይችላል። አፕሊኬሽኑ በዚያች ቅጽበት ሪስታርት ላይ ቢሆን መልእክቱ ባከነ። ጊትሃብን ውሰጂ፤ ዌብሁኩን የሚቀበለው ሰርቨር በ10 ሴኮንድ ውስጥ መልስ ካልሰጠ እንዳልደረሰ ይቆጥረዋል፤ ያልደረሰውንም በራሱ ደግሞ አይልክም። ስለዚህ ዌብሁኩን «ሄደህ እይ» እንደሚል ምልክት ብቻ ቁጠሪው። አፕሊኬሽኑ ምልክቱን ሲያገኝ የሁኔታውን አድራሻ ጠይቆ ከዚያ ይመን። ምልክቱ ባይመጣ ደግሞ በየሁለት ደቂቃው ራሱ ይጠይቅ።

ዌብሁኩን ፈርሚበት። ሁለታችሁ ብቻ በምታውቁት ሚስጥር ኤችማክ ሻ256 የሚባል ፊርማ ይሠራል፣ ፊርማው በሄደር ይላካል። ተቀባዩ ሲያረጋግጥ ፊርማውን በጥሬው ባይት ላይ ያስላ። ጄሶኑን (የመልእክቱን ጽሑፍ) ከፍቶ መልሶ ከጻፈው አንዲት ክፍት ቦታ ወይም የመስኮች ቅደም ተከተል ትቀየርና ፊርማው አይገጥምም። እኔ በዚህ አንድ ሙሉ ቀን አጥቻለሁ።

ገና_ጀማሪ

የእኛ ደግሞ ተቃራኒ ችግር ነው። አፕሊኬሽኑ ለእያንዳንዱ ለተጫነ ፋይል ይጠራል። አንድ ሰው 400 ፋይል አንዴ ሲጭን 400 ሩጫ ይነሳል። ሁሉም ትክክለኛ ጥሪ ነው፤ ቁልፋቸውም የተለያየ ነው።

ሎግ_አንባቢ

እዚያ ላይ አንድ ጥሪ አንድ ሩጫ የሚለውን ሐሳብ ተወው። ጥሪው ፋይሉን ብቻ ይመዝግብ። አንድ ሩጫ ሲነሳ እስከዚያች ሰዓት የተመዘገበውን ሁሉ ጠራርጎ ይውሰድ። እሱ እየሮጠ የመጡት ለቀጣዩ ይቆያሉ። ኤርፍሎው ለአንድ ዳግ በነባሪ እስከ 16 ሩጫ ጎን ለጎን ያስኬዳል። አንተ 1 አድርገው። መረጃ_ቀጂም የወር መዝጊያውን 1 ታድርገው።

ጥንታዊው_ክሮን

ሳልረሳ። ቁልፉ በሩ ላይ ይጠብቃል እንጂ ቤት ውስጥ አይጠብቅም። ኦርኬስትሬተሩ ራሱ መሃል ላይ የወደቀን ታስክ ደግሞ ያስኬዳል። ፓይፕላይንሽ ዝም ብሎ ረድፍ የሚጨምር ከሆነ ግማሹ ገብቶ የነበረው ዳታ እንደገና ይገባል። የወሩን ረድፎች አጥፍቶ እንደገና ማስገባት፣ ሁለቱንም በአንድ ትራንዛክሽን። ያኔ አሥር ጊዜ ቢሮጥም ድምሩ ያው ነው። እኔ ብሆን ከዚህ ነው የምጀምረው። ሌላው ሁሉ ገና ባይሠራም ቁጥሩ አይዋሽም።

መረጃ_ቀጂ (ከ9 ቀን በኋላ)

ተመልሻለሁ። የጋሼን ምክር ሰምቼ ከመጨረሻው ጀመርኩ። መጀመሪያ አጥፍቶ ማስገባቱን ሠራሁ፤ ግማሽ ቀን ነው የፈጀብኝ። ከዚያ ቁልፉ፣ 202ው፣ ለእያንዳንዱ ጠሪ የተለየ ቶክን። የአፕሊኬሽኑ ልጆች ላኪውን ሠሩ። ዌብሁኩን አልሠራነውም፤ በወር አንዴ ለሚሆን ሥራ በየደቂቃው መጠየቁ በቃን።

ሙከራውን ሆን ብለን አከፋነው። ጥያቄው እንደሄደ የመልሱን መንገድ ዘጋነው። ላኪው አራት ጊዜ ደገመ። መንገዱን ስንከፍተው ከመጀመሪያው ጥሪ ጋር የተመዘገበው የሩጫ ቁጥር ተመለሰለት። የሩጫዎቹን ብዛት ስቆጥር አንድ ነው። ከዚያ ፓይፕላይኑን ራሱን መሃል ላይ ገደልነው። ተነስቶ ጨረሰ። ድምሩ ከምንጩ ጋር ልክ ገጠመ።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር አጋጠመኝ። በተኑ ሲጫን ስክሪኑ ላይ «ወሩ ተዘግቷል፣ ሪፖርቱ ዝግጁ ነው» የሚል ጽሑፍ ይወጣ ነበር። 202 መመለስ ስንጀምር ያ ጽሑፍ ውሸት ሆነ። ሪፖርቱ ገና 11 ደቂቃ ይቀረዋል። አሁን «ጥያቄዎን ተቀብለናል፣ ሪፖርቱ እየተዘጋጀ ነው» ይልና የሩጫውን ቁጥር ያሳያል። ሲያልቅ ሰዓቱን ይጽፋል፤ ከወደቀም መውደቁን ይናገራል። ባልደረባዬ ከሁሉ በላይ የወደደችው ይኼን ነው። ድሮ ሪፖርቱን ከፍታ «ይኼ አዲሱ ነው ወይስ የድሮው?» እያለች በግምት ትሠራ እንደነበር የነገረችኝ ገና አሁን ነው።

ገና_ጀማሪ

እንኳን ደስ ያለሽ! ቁልፎቹን ለስንት ጊዜ ታስቀምጫቸዋለሽ? የክፍያ ድርጅቱ ስትራይፕ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ያቆያል ሲባል አንብቤ ነበር።

መረጃ_ቀጂ

ለእነሱ ጥሪው ብዙ ስለሆነ ይገባቸዋል። የእኔ በዓመት 12 ረድፍ ነው፤ እርማት ቢበዛ 20 ቢደርስ ነው። አላጠፋቸውም። የአንተ የፋይሎቹ ግን ይበዛልና ላኪህ ደግሞ መሞከር ከሚያቆምበት ጊዜ በላይ አቆየው። ላኪው ለ3 ቀን የሚሞክር ከሆነ ቁልፉ በ2ኛው ቀን መጥፋት የለበትም።